ብል የጀመረው መጽሐፍ

አባቴ ያን መጽሐፍ ይዞ የገባ ዕለት እኔ አልጋ ሥር በደረቴ ተኝቼ ጥንዚዛዎቼን ቤት አዛውር ነበር። ቤተሰቡ ስለበዛ የክብሪት ቀፎው ጠቧቸው፣ ባዶ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ አግኝቼላቸው ነበር። የአባቴ እግር አልጋው አጠገብ መጥቶ ሲቆም ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ቆርቆሮውን በሆዴ ሸፈንኩት።

መደበቄ ያለ ምክንያት አልነበረም። አባቴ ተባይ አጥፊ ነበር። ጠዋት ሰማያዊ ቱታውን ለብሶ፣ የመርጫ ፓምፑን በጀርባው አዝሎ ይወጣል። በረሮ የሞላው ወጥ ቤት፣ ነቀዝ የገባበት መጋዘን፣ ምስጥ የበላው በር ያለው ሰው ሁሉ የሚጠራው እሱን ነው። ሲመለስ ጓሮ ካለው ቧንቧ ሥር ልብሱን አውልቆ ሳይታጠብ ቤት አይገባም፤ እኔም ታጥቦ እስኪጨርስ አንገቱ ላይ መጠምጠም ክልክል ነበር። ቱታውን እናቴ ለእሱ ብቻ በተለየ ሳፋ ታጥበዋለች። ፓምፑና መርዙ የሚቀመጡባት የጓሮ ክፍል ቁልፍ ከአባቴ ቀበቶ ተለይቶ አያውቅም። በቤታችን የሚነካውንና የማይነካውን ለይቼ ያወቅኩት ገና ፊደል ሳልቆጥር ነው።

እኔ ደግሞ ለሚሳብና ለሚበር ነገር ሟች ነበርኩ። ከደጃችን ተነሥቶ እስከ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን አጥር የሚዘልቅ የጉንዳን መንገድ ነበር፤ እዚያ ቁጢጥ ብዬ ስለምውል የሰፈሩ ሰው ሁሉ ስሜን ትቶ ጉንዳን ይለኝ ነበር። ከሌላው ሰው አፍ ሲወጣ ስሙን እወደው ነበር። አባቴ “ጉንዳኔ” ሲለኝ ግን አልወደውም ነበር። የሚገድላቸውን ነገሮች ስም እየጠራ የሚስመኝ ሰው አንድ ቀን ተራሽ ደረሰ ማለቱ አይቀርም ብዬ እፈራ ነበር።

“ጉንዳኔ፣ ነይ ውጪ። አይቼሻለሁ” አለኝ።

ቆርቆሮውን ወደ ግድግዳው ገፍቼ፣ አቧራዬን አራግፌ ወጣሁ። መጽሐፍ ዘረጋልኝ። ሽፋኑ ላይ ጸጉሯ የተንጨባረረ አንዲት ልጅ በእንብርክኳ ሆና አጉሊ መነጽር ይዛለች፤ አፍንጫዋ ላይ ፌንጣ ቆሟል፤ እሷ ትስቃለች። የመጽሐፉን አንዱን ጥግ ብል ጀምሮታል። ስለ ነፍሳት የተሠራ መጽሐፍ ነፍሳት በልተውት ማየት ዛሬ ቢሆን ያስቀኝ ነበር። ያን ቀን ግን ለመሳቅ ጊዜ አልነበረኝም፣ ምክንያቱም አባቴ ቀጥሎ እንዲህ አለኝ።

“እኔ የምገድላቸውን አንቺ ውደጂልኝ።”

ከአባቴ አፍ ከዚህ የሚበልጥ የፍቅር ቃል ሰምቼ አላውቅም። እንዲህ የምለው ዛሬ ነው። ያኔ ጆሮዬ የያዘው “የምገድላቸውን” የሚለውን ብቻ ነበር። ጥንዚዛዎቼን ደርሶባቸዋል ማለት ነው። እናቴ ናት የነገረችው ብዬ ወደ እሷ ባይ፣ እሷም ፈገግ ብላለች። በአንድ ቀን ሁለቱም ከጠላት ወገን ሆኑብኝ።

መጽሐፉን ከየት እንዳመጣው ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁ። የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ብል ገብቶበት ሲረጭ ሰንብቶ፣ ኀላፊዋ የተበሉትን ለይታ ስትጥል፣ ይችን አንዷን ለልጄ ብሎ ለምኗታል። እናቴ ተረጭቶበት እንደሆነስ አለችው። እሱም መርጨትማ እኔው ራሴ ረጭቼዋለሁ፣ ግን ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው ከርሟል፣ ሽታው ለቋል አላት። በተባይ አጥፊዎች ሥራ ሽታው ከለቀቀ መርዙም ለቀቀ ማለት ነው፤ የረጩት ቤት መቼ እንደሚገባበት የሚለኩት በአፍንጫቸው ነበር። ለማንኛውም ብሎ መጽሐፉን ወደ ፊቱ አስጠግቶ ማገው። እናቴም ተቀብላ አሸተተችና ወረቀት ወረቀት ነው የሚለው ብላ መለሰችለት። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ የእኔ ሆነ።

ብጠረጥረውም ላለማየት አልቻልኩም። ምን ያደርጋል፣ ሥዕሉ ያምር ነበር። ልጅቷ አባጨጓሬ በእጇ ይዛ፣ ከንብ ጋር ስታወራ፣ ለሸረሪት ክር ስትሰጥ፣ ገጹ ሁሉ በቀለም የጠገበ ነበር። ገጾቹ እየተጣበቁ ስለሚያስቸግሩ፣ አስተማሪያችን ደብተር ስታርም እንደምታደርገው ጣቴን በምላሴ እያራስኩ እገልጣቸው ነበር። መረር ይለኛል። መጽሐፍ ጣዕሙ እንዲህ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።

አንድ ቀን ለቀይዋ ባለነጠብጣብ ጥንዚዛዬ መልኳን ላሳያት አሰብኩ። ልክ እሷን የምትመስል ያለችበትን ገጽ ገልጬ ሥዕሏ ላይ አስቀመጥኳት። ጥቂት ሄደች። ከዚያ እግሯ ተሳሰረባት፣ ተንገዳገደች፣ በጀርባዋ ወደቀች። እግሮቿን እያንቀጠቀጠች ቆየችና ተወች። ባቃናት እንደገና ትወድቃለች። ሥዕሏ ላይ የምትስቀው ልጅ መሳቋን አላቆመችም። በማግስቱ ፌንጣ ይዤ መጣሁ፤ እሱም እንደዚያው ሆነ። ከዚያ መጽሐፉን ይዤ ወደ ጉንዳኖቼ ሄድኩና መንገዳቸው ላይ አጋደምኩት። ሰልፉ መጽሐፉ አጠገብ ሲደርስ ለሁለት ተከፈለና ዳር ዳሩን ዞሮ አለፈ። አንድም የረገጠው አልነበረም።

ልጅ ሞኝ አይደለም። መጽሐፉ እንደሚገድል ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድሜ ያወቅኩት እኔ ነኝ። ያላወቅኩት ለምን እንደሚገድል ነው። ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ አባቴ እየዞረ መግደል ሰልችቶት፣ የሚስቅ ፊት ያለው ወጥመድ ሠርቶ በእኔ እጅ ቤት ውስጥ አስገብቷል። ብነግረው ምን ይለኛል? ጎሽ፣ ሠራ ማለት ነው ይለኛል።

ውጭ ብጥለው የሰፈሩ ነፍሳት ያልቃሉ። ብመልስለት እንደነቃሁበት ያውቃል። ስለዚህ እኔው ራሴ ልጠብቀው ወሰንኩ። ስተኛ ትራሴ ሥር አደርገዋለሁ፤ ቀን ቀን ቀሚሴ ውስጥ፣ ሆዴ ላይ፣ በመቀነት አስሬ እይዘዋለሁ። ከእኔ ገላ ሌላ ማንም እንዳይነካው። በልጅነቴ ካደረግኩት ሁሉ ጀግንነት የመሰለኝ ነገር ይህ ነበር።

መጀመሪያ ጥቁር ሰሌዳው ደበዘዘብኝ። ቀጥሎ ራሴን አመመኝ፣ ሆዴን ቆረጠኝ፣ ምራቄ ደግሞ እንደ ሕፃን ይዝረከረክ ጀመር። እናቴ ክሊኒክ ወሰደችኝ። የባሏን ሥራ የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ የሆድ ነው ብለው ክኒን ሰጥተው ሸኙን። ክኒኑን ውጬ፣ መጽሐፌን ታቅፌ ተኛሁ። ሲነጋ ብሶብኝ ነበር።

አባቴ ከሥራ መጥቶ ታጥቦ ሲያበቃ አጠገቤ ተቀመጠ። አገጬን ቀና አድርጎ ዓይኔን ትክ ብሎ አየና ፊቱ ተለወጠ። ወደ ጓሮዋ ክፍል ገብተሽ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልገባሁም አልኩት። እውነቱን ንገሪኝ፣ አልመታሽም አለኝ። አልገባሁም አልኩ፤ እውነቴን ነበር። ቁልፉን ከቀበቶው ፈትቶ እያገላበጠ አየው፤ ተነሥቶ ሄዶ በሩን ነቅንቆ መጣ። እንዲህ ሲሆን አይቼው አላውቅም። ወጥመዱን ማን እንደደበቀበት የሚፈልግ መሰለኝና ትራሴን ጨበጥኩት።

ከመጋረጃው ወዲያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። እናቴ ያን ጊዜ አንተን የጀመረህም እንዲህ ነበር፣ መርዙ መትቶህ ከመጋዘኑ ተደግፈህ የመጣህ ዕለት፣ አለችው። እሱ አልነካችም እኮ ይላል። እሷ ሳትነካ ከየት መጣባት ትላለች። በመጨረሻ እናቴ ድምፅዋ ተሰበረ።

“ነገ ሁሉም ከዚህ ቤት ይውጣ። አንድም ሳይቀር።”

ሲነጋ እውነትም አወጡት። ፓምፑን፣ ቱታውን፣ ጓንቱን፣ ጠርሙሶቹን አባቴ በጋሪ ጭኖ ወደ መሥሪያ ቤቱ ወሰደ። ተመልሶ ግድግዳውን፣ ወለሉን፣ የአልጋውን እግር ሳይቀር በሳሙና ፈተገ። ፍራሼን አውጥቶ ዘረጋ። አልጋውን ሲስብ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮዬ ብቅ አለች። አነሣት፣ ከፈታት፣ አየኝ። እኔም አየሁት። ምንም ሳይለኝ ቆርቆሮዋን ይዞ ወጣ፤ ባዶዋን ይዟት ሲመለስ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስኩ።

ቆይታ እናቴ እንደነገረችኝ፣ አባቴ ጥንዚዛዎቹን ይዞ የሄደው እስከ ሜዳው ድረስ ነው። እዚህ ቤት የሚመርዝ ነገር ካለ እነሱም እንዳያልቁባት ብሎ ሣር ላይ ለቀቃቸው። አንዱን ጥንዚዛ የቆርቆሮው ጠርዝ እግሩን ይዞት ኖሮ፣ ያ ስንት ሺሕ በረሮ የፈጀ ሰው ተንበርክኮ በክብሪት እንጨት ሲያላቅቀው እናቴ ቆማ ጠብቃዋለች።

በቤቱ ውስጥ ያልወጣና ያልታጠበ አንድ ነገር ብቻ ቀረ። መጽሐፉን ትራሴ ሥር ሲያገኘው ፊቱ በራ። ይህቺንስ ራሴ በፀሐይ ያነጻኋት ናት አለና፣ አቧራዋን በእጅጌው ጠርጎ መልሶ ሰጠኝ።

በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ አልገባም። አልጋዬ ላይ ተቀምጦ ጀርባዬን በደረቱ አስደግፎ ያነብልኝ ጀመር። ለንቧ ቀጭን ድምፅ፣ ለጥንዚዛው ጎርናና ድምፅ ያወጣል። ጠላቴ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር፤ ደስ አለኝ፣ ደስ ስላለኝ ደግሞ ራሴን ታዘብኩት። ገጹ ሲጣበቅበት ጣቱን በምላሱ ያርሳል። ከዚያ ጨዋታ ይሁንልሽ ብሎ፣ “አሁን ደግሞ አንቺ ግለጪ። ጣትሽን አርሺ” አለኝ። አራስኩ፣ ገለጥኩ፣ አሁንም አራስኩ። ፊደሎቹ እየተንሳፈፉብኝ ነበር። ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠብኝ ያህል መተንፈስ ከብዶኝ ነበር። ዝምታዬን እሱ ተረቱን እያዳመጠች ነው ብሎ ተረጎመው።

ዝንብ መጣች። ቢራቢሮዎቹ ያሉበት ገጽ ላይ አረፈች፣ እጇን አሻሸች፣ ጥቂት ተራመደች። አባቴ ማንበቡን ቀጠለ። ዝንቧ ክንፏን አርገበገበች፣ ልትነሣ ሞከረች፣ አልሆነላትም። በጀርባዋ ተገለበጠችና እየጮኸች ገጹ ላይ እንደ እንዝርት ትሽከረከር ጀመር።

አባቴ ቃሉን አጋምሶ አቆመ። ከኋላዬ ልቡ ጀርባዬን ሲመታው ተሰማኝ። ዝንቧን እስክትቆም ድረስ ተመለከታት። አሁን ገና ወጥመዱ ሲሠራ በዓይኑ አየ ብዬ ጎሽ እስኪል ጠበቅኩ። እሱ ግን መጽሐፉን ቀስ አድርጎ ከእጄ ወሰደ። ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ደጋግሞ ማገው። እናቴን ጠርቶ አስሸተታት፤ ምንም እንደማይሸታት ራሷን ነቅንቃ ነገረችው። ከዚያ ሮጦ ወጣ። በመስኮቱ በኩል ልብስ ሰፊዋ ደጅ ቆሞ ሲጣራ ሰማሁት።

“እትዬ፣ እባክዎ ይሄን ያሽቱልኝ።”

የስፌት መኪናዋን ማቆሟ ተሰማኝ።  ከዚያ ሴትየዋን ሳል ያዛት።

“ምንድን ነው ይሄ? ዓይኔን አቃጠለኝ እኮ። ለልጅቷ ነው እንዴ የሰጠሃት?”

አባቴ ከዚያ ሽታ ጋር ሲተኛና ሲነሣ ኖሯል። አፍንጫው ከለመደው ስለቆየ፣ ለእሱ የገዛ እጁ ሽታ ነበር። እናቴም ሳፋው ላይ ጎንበስ ብላ ስንት ዘመን ስትምገው ኖራለች። እኔም እዚያው ቤት ተወልጄ፣ አየር ማለት እንዲያ የሚሸት ነገር ይመስለኝ ነበር። ያን መጽሐፍ ሦስታችንም በየአፍንጫችን መዝነን ንጹሕ ነው ብለን ፈርደንለታል።

አባቴ ሲመለስ መጽሐፉ በእጁ አልነበረም። ቀሚሴን ከላይ እስከ ታች ቀደደው። አንሥቶ ጓሮ ቧንቧ ሥር አቆመኝና ቆዳዬ እስኪላጥ በሳሙና ፈተገኝ፤ ጸጉሬን በመቀስ እየቆረጠ ጣለው። ብርድ ነበር፣ አለቀስኩ፣ አልሰማኝም። የሚረጭ ሰው መርዝ ሲደፋበት የሚያደርገውን ነበር የሚያደርገው። እኔ ግን ተራዬ ደረሰ ብዬ ነበር። በፎጣ ጠቅልሎ ታቅፎኝ ሲሮጥ ወዴት እንደሚወስደኝ አልጠየቅኩም። ክሊኒኩ በር ላይ ለሐኪሙ የመርዙን ስም ጮኾ ሲነግረው፣ ብሌኗን እየው፣ መርፌ ቀዳዳ አክሏል ሲለው እሰማለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም።

ስነቃ ክንዴ ላይ ቱቦ ተተክሎ ነበር። አፌ ደርቋል። መተንፈስ ግን ቀሎኛል። አባቴ ወንበር ላይ ጎንበስ ብሎ ተቀምጧል። ከሞት የተረፈ ሰው ምሥጢር መያዝ አይችልም መሰለኝ፤ ዓይኔን እንደገለጥኩ ነገርኩት።

“አባዬ፣ መጽሐፉ ነፍሳቶቼን ይገድላቸው ነበር። ጥንዚዛዋንም፣ ፌንጣውንም።”

“ታውቂ ነበር?” አለኝ።

“አዎ።”

“ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም፣ ልጄ?”

“አንተ የላክኸው መስሎኝ።”

አየኝ።  “አዎ። እኔ ነኝ የላክሁት” አለኝና ተነሥቶ ወጣ።

አመነ ማለት ነው አልኩ በልቤ። የምፈራው ነገር በአባቴ አፍ ተረጋገጠልኝ፤ የሚገርመው፣ ከዚያ በኋላ መፍራቴ ቀረ። ከበሩ ወዲያ ምን እንደሆነ የነገረችኝ እናቴ ናት፣ እሷም ከብዙ ዓመት በኋላ። ኮሪደሩ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ እኔ እንዳልሰማው የሸሚዙን እጅጌ ነክሶ አለቀሰ።

ከክሊኒክ ስንመለስ ሥራውን ተወ። የእህል መጋዘን ውስጥ ጆንያ ተሸካሚ ሆነ፤ ኑሯችንም ጠበበ። እኔ ይህን ሳይ ምን እንዳደረግኩ ለመናገር ያሳፍራል፤ ጉንዳኖቼ ዘንድ ሄጄ ማሸነፋችንን አበሠርኳቸው። አባቴ ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ አንብቦልኝ አያውቅም። የትምህርት ቤት መጽሐፌን ስከፍት እንኳ ተነሥቶ ውጭ ይቀመጥ ነበር። ትምህርቴን አይወድም ብዬ ለጓደኞቼ አማሁት። እሱ የሚሸሸው መጽሐፉን ሳይሆን ጣቴን በምላሴ ሳርስ ማየትን መሆኑን ማን ይንገረኝ?

ዛሬ ለልጆች መጻሕፍት ሥዕል እሥላለሁ። ባለፈው ዓመት ነፍሳት ስለምትወድ ልጅ የሚተርክ መጽሐፍ እንድሥል ተሰጠኝና እሺ ብዬ ተቀበልኩ። ብሩሼን ባነሣ ባነሣ የልጅቷ ሳቅ እምቢ አለኝ። ስቄም አልቅሼም ሲያቅተኝ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። አርጅቷል፤ ወገቡን ጆንያው በልቶታል። ደጁ ላይ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። አጠገቡ ተቀምጬ እስከዚያ ቀን አንሥተነው የማናውቀውን ነገር አነሣሁት። ልጅ ነበርኩ፣ ጠላት አድርጌህ ነበር፣ ብነግርህ ኖሮ ያን ሁሉ ባላየን አልኩት።

“ብትነግሪኝም ኖሮ፣” አለኝ ወደ እኔ ሳይዞር፣ “አሽትቼ ‘ምንም የለውም ልጄ፣ አንብቢ’ ነበር የምልሽ። ሳስበው የኖርኩት እሱን ነው። ብታምኚኝ ኖሮ ገድዬሽ ነበር።”

ይህን ለብቻው ተሸክሞ ኖሯል።  ከዚያ የዚያ ቀን ዝንብ ትዝ አለችኝ።

“አባዬ፣” አልኩት፣ “ያቺን ዝንብ ሌላ ሰው አይቷት ቢሆን ኖሮ በእጁ ጠረግ አድርጎ ጥሎ ንባቡን ይቀጥል ነበር። የማንም ልጅ አባት ቢሆን። መርዝ እንዴት እንደሚገድላቸው ስለምታውቅ ያቆምከው አንተ ነህ።”

ወደ እኔ ዞረ። 

“እስቲ ድገሚልኝ” አለኝ።

ደገምኩለት።